ለቅሶ ደራሾች

አዲሱ ፓርቲ ዕውቅና እንዲያገኝ የምርጫ ቦርድ ታዛቢ ባለበት መሥራች ጉባኤ ማካሄድ ነበረበት። የወረዳው አስተዳዳሪ ግን የአዳራሽ ባለቤቶችን እያስፈራራ የፓርቲውን ሰዎች መሰብሰቢያ አሳጣቸው።

የአስተዳዳሪው እናት በሞቱ በሣልስቱ እነዚያው ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንኳኑን ሞሉት። “ለካ ጠላትም ለቅሶ ይደርሳል” ብሎ ሆዱ ባባ። ንፍሮ አስቀረበላቸው።

ከመካከላቸው አንዱ ብድግ አለ። “የቦርዱ ታዛቢ ነኝ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ሊቀመንበራችሁን ምረጡ።”

አስተዳዳሪው ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። “በእናቴ ድንኳን? ውጡልኝ!”

ታላቅ እህቱ ክንዱን ይዛ ቁጭ አደረገችው።

“የጠራቻቸው እማዬ ናት። ‘በድንኳኔ ተሰብሰቡ፤ ልጄ ምንም ቢከፋ ለቅሶ ደራሽ አያባርርም’ ብላ ተናዛለች።”

ክንዱን ለቀቀችና እሷም ለድምፅ እጇን አወጣች።