በገበያተኛው መሃል የቆመችው

አንባቢዎች ራሳቸው በሚሞሉት፣ በሥዕል የሚተረኩ የኮሚክ መጽሔቶችን በሚመዘግብ ድረ ገጽ ላይ የሰዓት ሠሪውን ያህል ጠንቃቃ መዝጋቢ ከፀሐይ በታች አልተፈጠረም፤ በእጁ ካለው ቅጂ ላይ በዓይኑ ያላየውን ነጥብ እንኳ አይጽፍም።

ሚስቱ ወጥታ ከቀረች ወዲህ የፖሊስ ጣቢያ ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ ዛሬ እሷ ሳትወለድ የታተመ መጽሔት ገለጠ። በአንዱ ሥዕል ላይ፣ ከገበያተኛው መሃል፣ እጅጌው የተተረተረ ሹራቧን ለብሳ፣ ሚስቱ ራሷ ቆማለች።

ድረ ገጹ ላይ «አንዲት ሴት» ብሎ መዘገበ።

ሌላ ከተማ ያለው የድረ ገጹ አራሚ ወዲያው ጻፈለት። «ጋሼ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ? የእኔ ቅጂ ላይ እኮ ሰውዬ አብሯት አለ።»

«ወዴት እየወሰዳት ነው? በሞቴ ንገረኝ!»

«ኧረ እሷ ናት እሱን የምትጎትተው! በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ አድርጓል።»

ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብሎ የራሱን እግር አየ። አንደኛው ነጠላ ጫማው የለም።