«አይሆንም» ያላት ሰውዬና የአባቷ ኦክስጅን

"አባዬ! ... አባዬ ስማኝ!"

ትከሻቸውን ይዛ ነቀነቀቻቸው...

የአባቷ ከንፈር ጠቁሯል። አልጋው አጠገብ ያለው ማሽን ይጮሃል... ይጮሃል...

የተጠባባቂውን የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻ ማዞር አቃታት።

"አምላኬ፣ እባክህን ዛሬ አይሁን!"

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ...

ልጅቷ ፕሮግራመር ናት። የአባቷ የኦክስጅን ማሽን የሚሠራው በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የቻለ አሻሽሎ ይልካል፣ የፕሮጀክቱ ጠባቂ መርምሮ ይቀበላል... ወይ ይመልሳል።

መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ባትሪው ለጩኸት እንጂ ለኦክስጅን አይበቃም።

"ልጄ፣ የዚህን ነገር አፍ የሚያዘጋ የለም?" አሏት አባት፣ ተሳቅቀው።

ቁጭ ብላ ጩኸቱን የሚያጠፋ ኮድ ጻፈችና ላከች። ቁልፉን አንዴ መጫን... ጸጥ!

ጠባቂው መለሰባት።

"አይሆንም። ኦክስጅኑ ካልተመለሰ ጩኸቱ መመለስ አለበት።"

"ቁልፉን የሚጫነው እኮ አጠገቡ ያለ ሰው ነው!"

"አይሆንም።"

አስተካክላ ላከች።

"ሳትሞክሪው ነው የላክሽው። አይሆንም።"

ደሟ ፈላ። "አቶ አይሆንም" ብላ ስም አወጣችለት። ግን ለአባቷ ስትል ጥርሷን ነክሳ እንዳለው ሠራችው። ሲቀበላት አዲሱን ኮድ ቤት ያለው ማሽን ላይ ጫነችው።

መጀመሪያ ላይ በነገርኳችሁ ቀን መብራት ጠፋ...

እሷ ሌላ ክፍል ስልኳን ይዛ የሥራ ስብሰባ ላይ ናት። አባት "ልጄን ከሥራዋ አላስነሳም፣ መብራቱ አሁን ይመጣል" ብለው ማሽኑ ገና መጮህ ሲጀምር ቁልፉን ተጫኑ። ጩኸቱ ቆመ... እሳቸውም ቀስ እያሉ ራሳቸውን ሳቱ።

ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ በራሱ እንደገና ጮኸ።

የሮጠችው ያንን ሰምታ ነው።

መክፈቻው እንደ ምንም ዞረ... ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አደረገች... ጠበቀች... ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች።

አባት ዓይናቸውን ገለጡ።

"ስብሰባሽ አለቀ እንዴ?"

እያለቀሰች ሳቀች።

በማግስቱ ለአቶ አይሆንም ጻፈችለት። "ስረግምህ ነበር። አባቴን አተረፍክልኝ።"

እሱም እንዲህ ሲል ጻፈላት...

"የመጀመሪያውን ኮድሽን የመሰለ እኔም ከዓመታት በፊት ጽፌ ነበር። 'አይሆንም' የሚለኝ ሰው አልነበረም... እናቴ ቁልፉን ተጫነች። እኔ ሌላ ክፍል ነበርኩ፤ ጩኸቱ አልተመለሰም፣ አልደረስኩላትም።"

ይህን ስጽፍ ራሱ ሰውነቴን ይወረኛል...

ወዳጆቼ፣ ሥራችንን የሚመልስብን ሁሉ ምቀኛ አይደለም። አንዳንዱ እሱ የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳንገባ ነው መንገድ የሚዘጋብን።

እናንተስ... ያኔ ደማችሁን አፍልቶ ኋላ ያተረፋችሁን "አይሆንም" ያላችሁ ማን ነበር? አመስግናችሁታል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...