ከጁምዓ በኋላ ያለችው ሰዓት

ልጄ ሙዓዊያ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሲሆን የሦስት ልጆች አባትም ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደሴ ሆጤ ወዳለው ቤቴ ይመጣል። ያቺ ሰዓት ለዓመታት የእኔ ነበረች። ከመጋቢት ወዲህ ግን ማዳመጫ በጆሮው አጥልቆ በስልኩ የኳስ ጨዋታ ይጫወታል።

«ቤትህ ሆነህ አትጫወትም?» አልሁት።

«አባባ፣ እዚያ ፈትሂያ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ ፋብሪካው ይደውላል። ወላሂ፣ ለጨዋታ ያለችኝ ይቺ ሰዓት ብቻ ናት።»

ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠየቅሁት። ፊታቸውን አይቶ ከማያውቃቸው አንድ አዛውንት ጋር መሆኑን ነገረኝ።

«ሲያሸንፉኝ በማዳመጫው ‹አንተ ሰነፍ!› ይሉኛል፤ ሲሸነፉ ደግሞ ኔትወርኩን ያማርራሉ» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ከእኔ ጋር እንዲያ ስቆ አያውቅም። በዚህ ዕድሜዬ በቅናት መቃጠሌን አልሸሽግም።

ባለፈው ዓርብ ለዐስር ሶላት ታጥቦ ዉዱእ ሊያደርግ ወደ ጓሮ ወጣ። ያን ሰው ልገሥጸው ብዬ ማዳመጫውን አጠለቅሁት። የሰማሁት ግን የራሴን ድምፅ ነበር። ድምፄ ይመርቃል። ምርቃቱ አባቴ ሐርቡ ላይ በሞቱ ዕለት በጆሮዬ ያወረሱኝ ነው፤ እኔም ለልጄ የማወርሰው በመሞቻዬ ቀን ስለሆነ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም።

ሙዓዊያ ፊቱ ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሰ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቆ ራሱ አጠለቀው፤ ሁለት መዳፎቹንም ዘረጋ።

«አሚን፣ አባባ» አለ። ወደ እኔ ግን አልዞረም።