አለንጋ የሚሉት

ገበሬው ነገር አያበዛም። በሬ ሲገዛ እንኳ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ወዲያ ወዲህ ያስነዳዋል፣ ከዚያ ወይ «ይሁን» ይላል ወይ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ የሴት ልጁ አስተማሪ ቤቱ ድረስ መጥታ፣ ልጅቷ በኢንተርኔት የውጊያ ጨዋታ ትምህርት ቤቱን ወክላ እንድትወዳደር ፈቃዱን ስትጠይቀው፣ «አይቼ ነው» አለ።

አስተማሪዋ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«ላልደብቅዎት። ጨዋታው ውስጥ አለንጋ የሚሉት ሰው አለ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የልጆቹን ምስጢር ያወጣጣና ‹ያልኩህን ካላደረግህ ለአባትህ እናገራለሁ› እያለ ያስጨንቃቸዋል። ከተማሪዎቼ አንዱ እህል ውሃ አልቀምስ ብሏል።»

ገበሬው ተነስቶ እስከ በር ሸኛት።

አስተማሪዋ እንደወጣች ወደ ልጁ ክፍል ሄደ። በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል። ሲገባ ልጅቷ ማዳመጫውን ከጆሮዋ መንጭቃ አወረደች።

«አንቺ፣ አለንጋ የሚባል ታውቂያለሽ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ማን ነገረህ?»

«መልሺልኝ።»

«አላውቅም፣ አባዬ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። በናትህ ተወው።»

እናትየው ከበሩ ቆማ ትሰማ ነበር። ባሏን ወደ ጓሮ ጎትታ አወጣችው።

«ልጄን ጅብ እየዞራት አንተ ቆመህ ታያለህ? ከልክላት!»

«ጅቡ በየት በኩል እንደሚገባ ሳላውቅ በረት አልዘጋም።»

«እስክታውቅ አጥንቷን ትለቅማለህ!»

በማግስቱ ገበሬው ሲያርስ ፈሩን ሳተ። አንዴም አይደለም። ዓይኑ ላይ የሚመጣበት አንድ ሰው ነበር፤ ጎርናና ድምፅ ያለው፣ በሩቅ ከተማ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ የልጁን ስም የሚጠራ። በስተመጨረሻ በሬዎቹን ፈትቶ ሥራውን ጥሎ ወደ ቤት ገሰገሰ።

እናትየው ላም ልታልብ ኖሮ፣ ልጅቷን ጥጃ ያዥልኝ ብላ ጠርታታለች። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ጨዋታው ግን አልተዘጋም፤ ማዳመጫውም ጠረጴዛው ላይ ነው።

ገበሬው ገባ። ዱላውን ከእጁ እንዳላስቀመጠ ያወቀው ማዳመጫውን ሊያነሳ ሲል ነው። በዱላ የሚመታ ነገር መስሎት! ወንበሩ ላይ አስደገፈውና ማዳመጫውን አጠለቀ። ጆሮውን ቆነጠጠው።

አንድ ሰው ይተነፍሳል።

የገበሬው ጀርባ በላብ ራሰ። ሊሳደብ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሌባ የሚያዘው ቤቱ የተኛ ሲመስለው ነው። ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ።

«አለንጋ፣ ተመለስሽ?» አለ የሚያለቅስ የትንሽ ልጅ ድምፅ። «ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ እባክሽ ለአባቴ እንዳትነግሪብኝ።»