ጥጃ ማጉረስ

ሐሳብ እንዲፈጥን ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ሁሉ ትንሽ ቦታ እንዲይዝ በማሽን ማስጠቅጠቅ ከተለመደ ወዲህ፣ አስናቀም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ አስጠቀጠቀ። ሒሳብ ሲሠራ ፈጠነ፤ ቁልፉን መርሳትም ተወ። ጣጣው የመጣው ሚስቱ ትርንጎ፣ "ሲያጎርሰኝ ከልቡ ይሁን ከልማድ ልወቅ" ብላ የሐሳብ መርማሪ የጠራች ዕለት ነው።

መርማሪዋ ዘርፌ ምሳ ላይ ደረሰች። መሣሪያዋን አንገቱ ላይ ለጠፈችና "በል አጉርሳት" አለችው። አስናቀ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰ። ወዲያው መሣሪያው ላይ የሥራው ስም ወጣ፦ "ጥጃ ማጉረስ"።

"ጥጃ?" አለች ትርንጎ፣ ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ። "እስከ ዛሬ ጥጃ ነበርኩ?"

"ተረጋጊ እህቴ" አለች ዘርፌ። "ጠቅጣቂው ማሽን ቦታ ለመቆጠብ ሲል፣ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሥራዎች ካገኘ አንዱን ብቻ ያስቀምጣል። የሌላው ስም ይጠፋል።"

"ታዲያ የእኔን ስም መልሺልኝ!"

"እሱማ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።"

ትርንጎ ሰሃኑን ገፋ አድርጋ ባሏ ላይ አፈጠጠች። አስናቀ እስከ ጆሮው ቀላ።

"ልጅ ሆኜ ነው" አለ በመጨረሻ፣ አንገቱን ደፍቶ። "አንዲት ጥጃ ነበረችን፤ እናቷ ሞታባት፣ እኔ ካላጎረስኳት አትበላም ነበር። እሷ ስትበላልኝ እኔ እጠግብ ነበር።"

ዘርፌ ቀስ ብላ መሣሪያዋን መሰብሰብ ጀመረች። ትርንጎ ወንበሯን ወደ ባሏ አስጠግታ፣ አፏን በሰፊው ከፈተችና "እምቧ!" አለች።