አውሮፕላኑ የሚያየው ደን

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የደን ካርታ ሠሪው ክፍሉ የዛፍ ሌባ የያዘው ከወንበሩ ሳይነሳ ነበር።

ቢሮው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አውሮፕላን ከላይ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ በማጉሊያ መነጽር ያያል፤ ያየውንም ካርታ ላይ ያቀልማል። የጽድ ዛፉ አረንጓዴ፣ ቁጥቋጦው ቢጫ፣ ራቁት መሬቱ ቀይ ነው። ተራራው ላይ ያለውን ጥብቅ ደን ቅጠል በቅጠል ያውቀዋል። በእግሩ ግን ረግጦት አያውቅም።

የሚረግጥለት ሽማግሌው ዘበኛ ኦብሲዬ ነበር። ኅዳር ላይ ከተራራው ሲወርድ ክፍሉ ከበላይ የመጣውን ደብዳቤ አነበበለት። ከብት እንዳይገባ፣ እሳት እንዳይነሳ፣ ማር ቆራጭ እንዳያልፍ፣ ባለፈው ክረምት የተላኩት ችግኞች በፎቶግራፉ ስላልታዩ ዋጋቸው በዘበኛው ላይ እንዲታሰብ፣ ሪፖርት እንዳይዘገይ ይላል።

«ወላሂ ተክያለሁ» አለ ኦብሲዬ። «ዛፉ ሥር ናቸው።»

«አውሮፕላኑ ካላያቸው እኔ ምን ልበል፣ አያ ኦብሲዬ?» አለና ክፍሉ ደብዳቤውን አጠፈው። ብዙ ሥራ ነበረበት።

የጥር ፎቶግራፍ ሲመጣ ክፍሉ ደነገጠ። ጽዱ መካከል ሦስት መላጣዎች ተከፍተዋል። ከዳር ቢሆን የማገዶ ለቃሚ ነው ይባል ነበር። እነዚህ ግን ከመንገድ የማይታዩ፣ ከሰማይ ብቻ የሚታዩ ናቸው። ይህን ያደረገ ተራ ሌባ አይደለም ብሎ አሰበና ቀዩን እርሳስ አነሣ።

ከደኑ ግርጌ በግመል እያለፈ ቀፊራ ገበያ ከሰል የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር፤ ዓዋሌ ይባላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» አለ የፖሊሱ አስር አለቃ ወልደ ማርያም፣ ሄዶም ያዘው።

«አቦ፣ የኔ ከሰል ከቆላ ግራር ነው!» እያለ ጮኸ ዓዋሌ። «ግመል እዚያ ዳገት ላይ ምን ይሠራል?»

ሚስቱ ቢሻሮ አምስት ልጆቿን አስከትላ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግራ ክፍሉ ዘንድ መጣች። «ወንድሜ፣ በአላህ፣ ያንን ፎቶ ደግመህ እየው። የኔ ሰው አለበት?»

«ሰው አይታይም። የተቆረጠው ግን ይታያል» አላት ክፍሉ። አሳዘነችው። ይሁንና ፎቶግራፍ አይዋሽም ብሎ ያምን ነበር።

ካርታው ችሎት ላይ ተሰቀለ። ዳኛው ቀዮቹን ነጠብጣቦች በጣታቸው ነካክተው ዓዋሌ ላይ የአምስት ዓመት እስራት ፈረዱ።

ሚያዝያ ላይ ፎቶግራፉ በድጋሚ መጣ። መላጣዎቹ ሰባት ሆነዋል።

ክፍሉ እንቅልፍ አጣ። ዓዋሌ እስር ቤት ነው፤ ታዲያ የሚቆርጠው ማን ነው? ግብረ አበሮቹ ናቸው፤ እየተበቀሉለት ነው። ኦብሲዬን ጠርቶ ጠየቀው። ሽማግሌው ከስቷል፣ መዳፉ ተላልጧል።

«ማንም አልገባም ጌታዬ። ቀንም ሌትም እዚያው ነኝ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አውሮፕላኑ መቼ ይመለሳል?»

«ሰኔ አምስት።» ክፍሉ ይህን ካለ በኋላ ከንፈሩን ነከሰ። ሽማግሌውን እያስፈራሩ ቀኑን የሚያስጠይቁት ሰዎች እንዳሉ ጠረጠረ። ከዚህ በላይ ዝም ቢል ሽማግሌውን ራሱን ይገድሉታል።

ሰኔ ሦስት ማለዳ አስር አለቃውንና ሁለት ፖሊሶችን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራውን ወጣ። ደኑ ጭር ብሏል። መጀመሪያ በደረሱበት መላጣ ላይ ትልልቅ ጽዶች ከነቅርንጫፋቸው ተጋድመዋል፤ አንድም ግንድ አልተነሣም።

«ሌባ የቆረጠውን ጥሎ ይሄዳል እንዴ?» አለ አስር አለቃው።

«ሊመለሱበት ነው» አለ ክፍሉ። ዓይኑ ዛፎቹ መሀል አድፍጦ የሚጠብቅ ሰው ይፈልግ ስለነበር መሬቱን አላየም።

ወደ ላይ የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። አስር አለቃው ጠመንጃውን አቀባበለ። ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተጠጉ። ክፍሉ ቅጠሉን ገለጥ አደረገ።

ኦብሲዬ መጥረቢያውን ጥሎ ላቡን እየጠረገ፣ ደስ ብሎት ሳቀ፦ «እንኳን መጡ ጌታዬ! ይቺ አንዷ ጽድ ብቻ ቀረች፤ ከነገ ወዲያ አውሮፕላኑ ችግኞቼን በሙሉ ያያቸዋል።»