«ዕብድ» ያላት እህቱ የሠራችው ቀይ ብርሃን

«ይሄን ቆሻሻ ከጣሪያዬ ላይ አውርጂልኝ!»

የጮኸው ታላቅ ወንድሟ ነው... አሥራ አራት ሠራተኞች እያዩ።

እሱ ቲማቲም የሚያመርትበት ትልቅ የላስቲክ ቤት አለው። እሷ ላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ናት።

ከሥራ መልስ ስትሞክር፣ ስታበላሽ፣ እንደገና ስትሞክር ከርማ አንድ ነገር ፈጠረች... ፈዘዝ ያለ ሮዝ ላስቲክ።

ተክል ብዙም የማይጠቀምበትን የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ቀይ ይቀይረዋል። ተክል ደግሞ ቀዩን ይወደዋል።

የወንድሟን ሚስት ለምና ከአንድ የቲማቲም መደብ በላይ ጣሪያው ላይ ዘረጋችው።

በአምስተኛው ቀን እሱ አየው።

«ፀሐይን ልታርሚያት ነው? ፈጣሪ የተሳሳተው ነገር አለ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሠኝ... ለውጥ ካላየህ ራሴ አነሳዋለሁ።»

«አንቺ የላስቲክ ወዛደር ነሽ! ሳይንቲስት የሆንሽው መቼ ነው?»

የመግረዣውን ቢላ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ቀደደው።

ከዚያ ዘበኛውን ጠርቶ «ይቺን ሴት ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላያት!» አለው።

ይቺን ሴት... የእናቱን ልጅ!

ዓመት አለፈ። አልተነጋገሩም።

እናታቸው ስኳር አለባቸው። ተረከዛቸው ላይ የወጣ ቁስል ለሰባት ወር አልድን ብሎ፣ ሐኪሞች እግራቸውን ስለመቁረጥ ማውራት ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን እናትየው ራሳቸው ልጃቸውን «የስኳር ቁስል የሚያክሙበት አንድ ክሊኒክ አለ፣ እዚያ ውሰደኝ» አሉት። ወሰዳቸው።

ነርሷ ቁስሉን ታጸዳለች፣ መድኃኒት ታደርጋለች፣ ከዚያ እግራቸውን ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ አስገብታ ሃያ ደቂቃ ቀይ ብርሃን ታበራበታለች። ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ነው፤ እናትየው ፈርመው ነው የገቡበት።

ልጅየው በመጣ ቁጥር አፉን ይከፍታል...

«ሳይንስ ማለት ይሄ ነው! እኔ አንዲት እህት አለችኝ፣ ላስቲክ ቀለም ነክራ "ፈጠርኩ" የምትል። ዕብድ ናት!»

ነርሷ ፋሻውን ትጠቀልላለች። እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ቁስሉ ገጠመ።

ሰውየው የሚሆነውን አጣ።

«ይሄን የሠራውን ሰው አሳዩኝ! እግሩ ላይ እወድቃለሁ! ከውጭ የመጣ ነው አይደል?»

ነርሷ ጓንቷን አወለቀች።

«ከውጭ አይደለም። የሠራችው እህትዎ ናት።»



«ሳጥኑ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ቀይ የሚቀይረው ላስቲክ የእሷ ሥራ ነው፤ ለሐኪሞቻችን ይዛ የመጣችው ራሷ ናት። በየሳምንቱ እየመጣች ትፈትሸዋለች። እርስዎ ሲገቡ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እስኪወጡ ትጠብቃለች። የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች።»

ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ... ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ እንጂ! ብነግርህ እግሬን ከሳጥኑ ጎትተህ ታወጣው ነበራ!»

በነጋታው እህቱ ቤት ሄደ።

«ይቅር በይኝ፣ ተሳስቼ ነው» አላት።

ትንፋሽ እንኳን ሳይወስድ ቀጠለ... «ያ ላስቲክ ግን ለቲማቲሙም ይሆናል ብለሽኝ አልነበር? ነገ ሰው ልላክ?»

ትክ ብላ አየችው።

«ጎረቤትህ ቀድሞሃል። ዘንድሮ ከአጥርህ ማዶ ያለው ቲማቲም ካንተ በፊት ሲለቀም አላየህም? እማዬን የረዳኋት እናቴ ስለሆነች ነው። ካንተ ጋር አይገናኝም።»

በሩን ዘጋችበት።

ወዳጆቼ... ባዕድ ቢሠራው እግሩ ላይ የምትወድቁለትን ሥራ፣ አብሯችሁ ያደገ ሰው ስለሠራው ብቻ አትናቁት።

ደግሞም አንዳንዱ ይቅርታ የሚለው ተጸጽቶ አይደለም... ስለፈለገህ ነው!

«ወንድም እኮ ነው፣ ትክፈትለት» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

እስቲ በእውነት... እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱለት ነበር? ለምን? ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉኝ፣ ጻፉልኝ።